ኮምቦልቻ ላይ የስፌት ማሽን ጥገና ተማርኩ፤ "ያዋጣል ወይ?" ለምትሉኝ

ኮምቦልቻ ውስጥ የስፌት ማሽን ጥገና የሚያስተምር አንድ ወርክሾፕ አለ። እኔ ከደሴ ቅዳሜና እሁድ እየተመላለስኩ የሦስት ወሩን ኮርስ ጨርሻለሁ። "እንዴት ነው? ሥራ ያስገኛል?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ ለሁሉም አንዴ ልመልስ ብዬ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም። ባለቤቱ ራሳቸው "ስሜን እንዳትለጥፊው፣ ሰው ከበዛ ትምህርቱ ይቀርና ጫጫታ ብቻ ነው የሚተርፈን" ብለውኛል። መናኸሪያው አካባቢ ወርዳችሁ "ማሽን የሚጠግኑት ሰውዬ ጋ" ካላችሁ ግን ባጃጆቹ ያደርሷችኋል።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ያዋጣል፣ ግን ለሁሉም አይደለም። ወረቀት ለሚፈልግ ሰው ብሩን ባያወጣ ይሻለዋል። "ይሄን ሥራ የምወደው ይመስለኛል፣ ግን ቀርቤ አላየሁትም" ለሚል ሰው ግን እኔ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የተማርኩት ማኔጅመንት ነው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። ሥራው ክፉ አይደለም፣ ደመወዙም በሰዓቱ ይገባል፣ ቀኑ ግን አልገፋ ይላል። አክስቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ናት። ማሽኗ በቆመ ቁጥር መካኒክ ይጠራል፤ እሱ ደግሞ አንድ ለእናቱ ስለሆነ የሰፈሩ ሰፊ ሁሉ ተራ ይዞ ይጠብቀዋል። ሲመጣ እኔ ከአጠገቡ አልጠፋም። ያ ሁሉ ብረት ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ ተመልሶ ተገጥሞ መስፋት ሲጀምር የሚሰማኝን ደስታ የቀኑ ሒሳብ ሳይጎድል ሲዘጋልኝ ተሰምቶኝ አያውቅም። የሕልም ሥራ ሲባል ሰው ፓይለት ምናምን ይላል። የኔ ይሄው ነው። እናቴ "ዲግሪ ይዘሽ ብሎን ልትፈቺ?" ብላ አኩርፋኝ ከርማለች።

መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ሥራ ፍለጋ ነው የወጣሁት። የበኩር ጋዜጣን የማስታወቂያ ገጽ ማገላበጥ፣ ቴሌግራም ላይ ማፍጠጥ፣ ሰሌዳ ሥር መቆም። የማሽን መካኒክ የሚል ማስታወቂያ ስታገኙ "በጋርመንት ወይም በጨርቃ ጨርቅ የተመረቀ፣ ሲኦሲ ያለው፣ ልምድ ይሄን ያህል ዓመት" ይላል (ሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫው ነው)። "ዜሮ ዓመት" የሚል ከተገኘ ደግሞ የሚጠይቀው የትምህርት ዘርፍ የኔ አይደለም። አንድ ሥራ አገናኝ ቤትም የመመዝገቢያ ብር ተቀብሎ "እንደውልልሻለን" ብሎኛል። እስካሁን እየደወሉ ነው።

ይሄን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮርሱን ከነዚህ ነገሮች ጋር ነው ማወዳደር ያለባችሁ። ከኮሌጅ ጋር ካወዳደራችሁት ገና ከበሩ ይወድቃል፤ ኮሌጅ አይደለምና። ዕድሜና ጊዜ ያለው ሰው ደሴ ላይ ወይዘሮ ስሂን ኮሌጅ አለ፣ ኮምቦልቻም ፖሊ ቴክኒክ አለ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢም እዚያው ኮምቦልቻ ነው። እኔ ግን ሥራ ላይ ነኝ፣ ቤት ኪራይ አለብኝ፣ ተመልሼ ዓመታት ልማር የምችልበት ሁኔታ የለም።

ኮምቦልቻ መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። ከተማዋ ከድሮ ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ቆዳው አለ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የስፌት ማሽኖች አንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩበትን አዳራሽ እዚህ አካባቢ ያየነው ያኔ ነው። በ2014 ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ፣ ብዙ ነገር ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድሉ) አስወጣች፣ ወደ አሜሪካ ልብስ የሚልኩትም ተጎዱ። እና የፋብሪካ ሥራ እንደ ድሮው "ሂድና ግባ" አይደለም። ማሽኑ ግን በየቤቱና በየሱቁ አለ። ዩኒፎርም የሚሰፋው፣ መጋረጃ የሚሰፋው፣ ሀበሻ ልብስ የሚሰፋው ሁሉ ማሽኑ ይበላሽበታል፣ የሚጠግን ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

በሉ ወደ ቤቱ እንግባ።

አንድ ሰፊ ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። ግድግዳው በቺንግያ፣ በክር ጥቅልና ሰው ትቷቸው በሄዱ ማሽኖች ተሞልቷል። ጋሼ (ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው) ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆነው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። አንድ ወጣት ረዳት አላቸው። ነጭ ሰሌዳ የለም፣ ፕሮጀክተር የለም፣ የታተመ ማስታወሻ የለም። ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ፊታችሁ አንድ ማሽን ይቀርባል፣ "ምን ሆኗል?" ይባላል። በቃ ትምህርቱ ተጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሰልቺ ናቸው፣ ቀድሜ ልንገራችሁ። መርፌ ማውጣት፣ መርፌ ማስገባት፣ ክር ማሳለፍ፣ ማጽዳት፣ ዘይት ማየት። አንዳንዱ ልጅ "ይሄን ለመማር ነው እንዴ የከፈልኩት?" እያለ እዚሁ ላይ ነው የሚጠፋው። ጋሼ ግን ንቅንቅ አይሉም። "ማሽኑን ከመፍታትሽ በፊት መርፌውን ቀይሪ። መርፌውን ከቀየርሽ በኋላ ክሩን አውጥተሽ እንደገና አሳልፊ። ከዚያ በኋላ ካቻቢቴ ትነኪያለሽ" ይላሉ። አሁን በየሰፊው ቤት ስዞር የማየው እውነትም ይሄው ነው። "ማሽኔ ሞተ" ተብሎ ከተጠራሁበት አብዛኛው የተጣመመ መርፌ፣ ዞሮ የገባ መርፌ ወይም አንድ ቦታ የዘለለ ክር ነው።

ከቀላሎቹ ውስጥ የወደድኩት የቦቢን ቤቷ ፈተና ነው፤ ቦቢን የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ነው። ቦቢኑን ከነቤቱ አውጥታችሁ በክሩ ጫፍ ይዛችሁ አየር ላይ ታንጠለጥሉታላችሁ። በራሱ ክብደት ዝርግፍ ካለ የታችኛው ክር ላልቷል። እጃችሁን ነቅነቅ ስታደርጉትም ንቅንቅ ካላለ ጠብቋል። ነቅነቅ ሲደረግ ትንሽ ወረድ ብሎ ከቆመ ልክ ነው። ጎኗ ላይ ያለችውን ቅንጣት ብሎን በጣም በጥቂቱ ታዞራላችሁ፣ ደግማችሁ ታንጠለጥላላችሁ። መለኪያ አያስፈልግም። አክስቴ ስንት ዓመት ስትሰፋ ይሄን አታውቅም ነበር፤ የላይኛውን ክር ብቻ ስታጠብቅ ስታላላ ነው የኖረችው።

ኮርሱ ዋጋውን የሚያወጣው ግን ታይሚንጉ ላይ ነው፤ መርፌውና ከሥር ያለው ክር ያዥ በሰዓቱ እንዲገናኙ ማስተካከል ማለት ነው። ስፌት የሚዘልል ማሽን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ሦስት አራቴ ይወጋና አንዱን ይስታል። መርፌው ወደ ታች ወርዶ መመለስ ሲጀምር ክሩ ከኋላው ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከሥር የሚሽከረከረው ሁክ በሹል ጫፉ ያቺን ቀለበት መያዝ አለበት፣ ካልያዛት ስፌቱ ይዘልላል። በፋብሪካው ቀጥ ስፊ ማሽን መርፌው ከመጨረሻው ዝቅታ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ከፍ ሲል የሁኩ ጫፍ መርፌው ጀርባ ላይ፣ ከቀዳዳው ትንሽ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ሰፋ ካለ ቀለበቷን ይስታታል፣ ከነካው ደግሞ መርፌ ይሰብራል፣ ሁኩንም ይቧጭራል። የሁኩን ብሎኖች ታላላላችሁ፣ ማሽኑን በእጅ በቀስታ ታዞራላችሁ፣ ባትሪ አብርታችሁ ከጎን ታያላችሁ፣ ታጠብቃላችሁ፣ ስታጠብቁ ሁኩ ይንሸራተታል፣ እንደገና ታላላላችሁ፣ እንዲህ እያለ ከሰዓት በኋላው ያልቃል፣ ወገባችሁም አብሮ ያልቃል። ረዳቱ መጥቶ ሊያስተካክልላችሁ ሲል ጋሼ "ተዋት፣ ትጨርሰው" ይሉታል። ሲገጥም ግን! ጨርቅ አስገብታችሁ ፔዳሉን ስትረግጡና ስፌቱ ቀጥ ብሎ ሳይስት ሲሄድ። እኔ እዚያ ቀን ነው ሥራውን በእርግጥ እንደምወደው ያወቅሁት። ከኔ ጋር የነበረ አንድ ልጅ ደግሞ እዚያው ቀን "ለኔ አይደለም" ብሎ ወጣ። ገንዘቡ የባከነ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት ገብቶ ዓመታት ፈጅቶ ከሚያውቀው እንዲህ ማወቁ ይረክሳል።

ሞተርም ያስተምራሉ፣ በጨረፍታ። የድሮው ሞተር ሰፊዋ ባትሰፋም ቀኑን ሙሉ ይዞራል፣ አዲሱ ሰርቮ የሚባለው ፔዳል ሲረገጥ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለዚህ ነው ድምፁም የመብራት ክፍያውም የሚቀንሰው። አሁን ብዙ ሰፊዎች እየቀየሩ ስለሆነ ይሄን የሚገጥም ሰው ተፈላጊ ነው። ሰርቮው ራሱ ሲበላሽ ግን የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ነው፣ ጋሼም "እሱ የኔ አይደለም" ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ይሄን ወድጄላቸዋለሁ። የማያውቁትን የሚያውቁ አይመስሉም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ማሽን አይበቃም። አንድ ማሽን ላይ ሦስት ሰው ሲሆን ሁለቱ ተመልካች ናቸው፣ ደፋር ካልሆናችሁ ደግሞ ሦስቱንም ወር ባትሪ እያበራችሁ ልትጨርሱት ትችላላችሁ። መብራት የጠፋ ቀን ሞተር የለም፣ በእጅ እያዞራችሁ ትውላላችሁ፣ ያ ቀን አይካካስም። ማስታወሻ ስለማይሰጥ ራሳችሁ ካልጻፋችሁ ይረሳችኋል። እኔ በስልኬ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነው ከመርሳት የዳንኩት። መጸዳጃ ቤቱን ተዉት።

ዋናው ድክመት ግን ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን፣ ነው። እዚያ ያለው ኦቨርሎክ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ብዙ ጊዜ የደንበኛ ሥራ ላይ ነው። ለሰፈር ሰፊ ቀጥ ስፊውን ማወቅ ብዙ ያራምዳል። ፋብሪካ ግን ሌላ ነው። ቲሸርት የሚሰፋ መስመር ላይ ብዙው ማሽን ኦቨርሎክና የመሳሰለው ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ክር የሚበላ፣ ጠርዙን በቢላ እየቆረጠ የሚሰፋ፣ ከሥሩ ሉፐር የሚባሉ ተሻጋሪ ክንዶች ያሉት። ታይሚንጉ ለብቻው አንድ ዓለም ነው። ኮርሱን እንደጨረስኩ አንድ የልብስ ፋብሪካ ለረዳት መካኒክ የተግባር ፈተና ጠራኝ። ዲግሪዬ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም፣ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ያቀረቡልኝ ማሽን ኦቨርሎክ ነበር። ክሩን በትክክል አሳለፍኩ፣ መርፌውን ቀየርኩ፣ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። ፈታኙ ጥሩ ሰው ነበር፤ "እጅሽ ጥሩ ነው፣ ኦቨርሎክ ልመጂና ነይ" ብሎ ሸኘኝ። ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው አልተከራከሩም። "ልክ ነው፣ እሱ ላይ ጎድለናል" አሉ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ሲጨርሱ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ከዚያ በላይ አትጠብቁ። ማስታወቂያው "ሲኦሲ" ካለ ይሄ አይተካውም፣ ምዘናውን ለብቻው መውሰድ ነው። ጋሼ "ሥራ አስገባችኋለሁ" ብለው አያውቁም። የሚያውቁት ሰው ሰው ፈልጎ ከጠየቃቸው ግን የጎበዙን ልጅ ስልክ ይሰጣሉ። እኔም ከደሴ ሁለት ሰፊ ቤት በሳቸው በኩል አግኝቻለሁ።

ሥራ ለምታገኙት አንድ ነገር ከጎን ልጨምር፣ ኮርሱ ላይ የማይነገር ነው። አሠሪው "ለሙከራ ነው" ካላችሁ በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። "ሙያ እስክትለምድ" እየተባለ ወራት በነጻ የሚሠራ ልጅ ስለማውቅ ነው የማነሳው።

ክፍያው በሁለት ጊዜ ነው፣ ግማሹ ሲጀመር ግማሹ መሃል ላይ። ብሩን እዚህ አልጽፍም፣ ዙር በተቀየረ ቁጥር ይጨምራሉ፣ እናንተ ስትሄዱ ሌላ ይሆናል። እኔ ስከፍል ካሰብኩት በታች ነበር። መከራከር ይቻላል፣ ወሎ አይደል፣ ቡና ቀርቦ እያለ ትንሽ ይለዝባሉ። ከደሴ ለምትመጡ ግን ከኮርሱ ሌላ የትራንስፖርቱን አስቡ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው፣ ጠዋት ደሴ በጉም ውስጥ ጃኬት ደርባችሁ ትሳፈራላችሁ፣ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ጃኬቱ ሸክም ይሆናል። ማታ ላይ መኪና ይሳሳል። ትምህርቱ ሲጣፍጥ ሰዓቱን መርሳት አለ፣ ጋሼም ራሳቸው ይረሳሉ፣ ስለዚህ "መኪና ያልቅብኛል" ብላችሁ ተነሱ፣ አይቀየሙም።

"ለሴት ይሆናል?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ይሆናል። በኔ ዙር ሁለት ሴቶች ነበርን፣ ጋሼ ልዩነት አያደርጉም፣ የሚያፌዝ ልጅ ከተገኘ ደግሞ ከባዱን ማሽን ከጠረጴዛው ላይ እሱን ነው የሚያሸክሙት። ጸጉራችሁን እሰሩ፣ ሻርፕና የተንጠለጠለ ነገር ይዛችሁ ቺንግያ አጠገብ አትቅረቡ፣ ቱታ ራሳችሁ አምጡ። የራሳችሁ ትንሿ ካቻቢቴና ወረንጦ ቢኖራችሁ ተራ ከመጠበቅ ትድናላችሁ።

እኔ አሁንም ካሸር ነኝ። ከሥራ ስወጣና እሁድ እሁድ ግን ማሽን እጠግናለሁ። እናቴ ሲንጀር ማሽኗን ከሠራሁላት ወዲህ ኩርፊያውን ትታ ለጎረቤቱ ሁሉ ደላላዬ ሆናለች። ለኦቨርሎኩ ስል ደግሞ ጋሼ ጋ መመላለሴን አላቆምኩም፤ የደንበኛ ሥራ ሲመጣ ይደውሉልኛል፣ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ አንዳንዴም ይለቁልኛል፣ ክፍያ አልጠየቁኝም።

ለሰፈር ሰፊዎች ለመሥራት የምታስቡ ዛሬም ብትሄዱ ያዋጣችኋል። ፋብሪካ ለመግባት የምታስቡ ግን ከመክፈላችሁ በፊት "ኦቨርሎክ ስንት ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ ሊገዙ እንደሆነ ነግረውኛል። ካልገዙ ትንሽ ብትጠብቁ ይሻላል።